የአባ ሰንጋ ደብዳቤዎች፦ ችሎት ሳይቀርብ የተዘጋው መዝገብ

ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2010 የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ባለ 92 ገጽ የምርመራ ማጠቃለያ አውጥቶ «አሜሪትራክስ» በሚል ስም ስምንት ዓመት የተንከባለለውን መዝገብ ዘጋ። ድምዳሜው አጭር ነበር፦ በ2001 መገባደጃ አምስት ሰው የገደሉትንና 17 ሰው ያሳመሙትን የአባ ሰንጋ ደብዳቤዎች አዘጋጅቶ የላከው የሠራዊቱ ተመራማሪ ዶክተር ብሩስ አይቪንስ ነው፤ ግብረ አበርም አልነበረውም። አይቪንስ ግን ማጠቃለያው ሲወጣ ከሞተ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል። ክስ አልተመሠረተበትም፤ ምስክር አልተሰማበትም፤ ጠበቃው መስቀለኛ ጥያቄ የሚያቀርብበት ዕድል አላገኘም።

አይቪንስ ንጹሕ ነው ብዬ ልሟገትለት አልተነሣሁም። እስካሁን ስማቸው ከተነሣ ሰዎች ሁሉ ጥርጣሬው ከብዶ የሚያርፈው በእሱ ላይ መሆኑን እቀበላለሁ። ጥያቄዬ ምርመራው በትክክል በደረሰበትና መንግሥት «ደርሼበታለሁ» ባለው ላይ ነው፤ በሁለቱ መካከል ሰፊ ክፍተት አለ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የደብዳቤዎቹ ነገር

የመጀመሪያው ዙር የፖስታ ማኅተም ሴፕቴምበር 18 ቀን 2001 ይላል፤ መንትዮቹ ሕንጻዎች ከፈረሱ ልክ በሳምንቱ። የተላከው ለመገናኛ ብዙኃን ነበር፤ ለኤንቢሲው ቶም ብሮካውና ለኒውዮርክ ፖስት ጋዜጣ የተጻፉት ደብዳቤዎች በእጅ ገብተዋል። ሁለተኛው ዙር ኦክቶበር 9 ማኅተም ተመትቶበት ለሁለት ሴናተሮች ሄደ፤ ለቶም ዳሽልና ለፓትሪክ ሌሂ። በሴናተሮቹ ፖስታ ላይ በላኪ አድራሻ ቦታ «4ኛ ክፍል፣ ግሪንዴል ትምህርት ቤት» ተብሎ ተጽፏል። እንዲህ የሚባል ትምህርት ቤት በተባለው ቦታ የለም። ወረቀቱ ላይ በትልልቅ ፊደላት፣ ገና መጻፍ የሚለማመድ ልጅ የሞነጨረው በሚመስል እጅ፣ የሴፕቴምበር 11 ቀን ከላይ ሰፍሯል፤ ከታች «ሞት ለአሜሪካ፣ ሞት ለእስራኤል፣ አላህ ታላቅ ነው» ይላል። የመጀመሪያው ዙር ደብዳቤ ደግሞ ፔኒሲሊን አሁኑኑ ውሰዱ ብሎ ይመክራል። ሰውን ሊገድል የተነሣ ሰው ስለ መድኃኒቱ የሚያስጠነቅቅበት ምክንያት መርማሪዎቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲያነጋግር ቆይቷል። የፔኒሲሊን ፊደል ደግሞ ሆን ተብሎ ይሁን በስሕተት ተዛብቷል።

አባ ሰንጋን የሀገራችን ገበሬና አርብቶ አደር በከብቱ ሞት ያውቀዋል፤ የታመመውን ከብት ሲያርዱ፣ ቆዳውን ሲገፉ ወይም ሥጋውን ሲበሉ ወደ ሰው ይሻገራል። በቆዳ በኩል የገባው በጊዜ ከታከሙት ይድናል። ደርቆ እንደ ዱቄት የላመው ስፖር (ባክቴሪያው ክፉ ጊዜ የሚያሳልፍበት፣ ዘር መሰል ጠንካራ ቅርጹ) በትንፋሽ ወደ ሳንባ ሲገባ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በ2001 ከታመሙት 22 ሰዎች 11ዱ በትንፋሽ የተያዙ ነበሩ፤ አምስቱም ሟቾች ከእነዚህ ናቸው። የመጀመሪያው በፍሎሪዳ ቦካ ራቶን የአንድ ጋዜጣ አሳታሚ ድርጅት የፎቶ አርታኢ የነበረው ሮበርት ስቲቨንስ ሲሆን ኦክቶበር 5 ሞተ። ቀጥሎ በዋሽንግተን ብሬንትዉድ የፖስታ ማዕከል ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች፣ ከዚያ ኒውዮርክ ውስጥ አንዲት የሆስፒታል ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ በመጨረሻም በኮነቲከት ገጠር የሚኖሩ የ94 ዓመት አዛውንት። የሆስፒታሏ ሠራተኛ ስፖሩ የት እንዳገኛት ከብዙ ፍለጋ በኋላም አልታወቀም።

ስለ ብሬንትዉድ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የዳሽል ደብዳቤ ኦክቶበር 15 በምክር ቤቱ ሕንጻ ሲከፈት በዙሪያው የነበሩ ሠራተኞች ወዲያው ተመርምረው መድኃኒት ተሰጣቸው። ደብዳቤው በመለያ ማሽን ያለፈበት ብሬንትዉድ ግን እስከ ኦክቶበር 21 ድረስ ክፍት ሆኖ ሥራው ቀጠለ። ፖስታ ካልተከፈተ ስፖር አያፈስስም የሚል እምነት ነበረና። የሠራተኞቹ አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ፤ ቅሬታቸውም ለዓመታት አልበረደም።

መጀመሪያ የተጠቆመው ሰው

ምርመራውን ያካሄደውን የፌዴራል የምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) ድምዳሜ ሰው ለምን በጥርጣሬ እንዳየው ለመረዳት ከአይቪንስ በፊት የሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። በኦገስት 2002 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ጆን አሽክሮፍት ስቲቨን ሃትፊል የተባለውን ሐኪምና ተመራማሪ በቴሌቪዥን ፊት ምርመራው ትኩረት ያደረገበት ሰው ብለው ስሙን ጠሩ። ሃትፊል ቀደም ሲል በሠራዊቱ ቤተ ሙከራ በቫይረስ ላይ የሠራ ሰው ነው፤ አባ ሰንጋ ግን የእሱ ሙያ አልነበረም። ቤቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ተበረበረ፤ ያገኘውን የዩኒቨርሲቲ ሥራ አጣ። በ2003 በፍሬድሪክ ከተማ አቅራቢያ የሚገኝ የጫካ ኩሬ ማስረጃ ይገኝበታል ተብሎ ውሃው ተመጥጦ ደረቀ፤ የረባ ነገር ግን አልተገኘም። ሰውየው በሄደበት ሁሉ የመርማሪዎች መኪና ይከተለው ነበር። አንድ ቀን ዋሽንግተን ጆርጅታውን ውስጥ የሚከተሉትን ፎቶ ላንሳ ብሎ ሲጠጋ መኪናው እግሩን ረግጦት ሄደ። ፖሊስ መጣና ቅጣት ጻፈ፤ የተቀጣው ሃትፊል ነው፣ 5 ዶላር፣ አደጋ በሚያስከትል ሁኔታ በመራመድ።

በጁን 2008 መንግሥት 5.8 ሚሊዮን ዶላር በሚገመት ስምምነት ሃትፊል የመሠረተበትን ክስ ዘጋ። በኦገስት ደግሞ ከጉዳዩ ነፃ መሆኑን በደብዳቤ አረጋገጠለት። በሁለቱ መካከል፣ ጁላይ 29፣ ብሩስ አይቪንስ በ62 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። ኦገስት 6 የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ መግለጫ ሰጥቶ ብቸኛው ጥፋተኛ እሱ ነው አለ። ቀናቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ላየ ሰው መጠራጠር ኃጢአት አይሆንበትም።

ብልቃጡ

አይቪንስ በሜሪላንድ ፎርት ዴትሪክ በሚገኘው የሠራዊቱ የተላላፊ በሽታዎች ምርምር ተቋም ለረጅም ዓመታት የአባ ሰንጋ ክትባት ላይ የሠራ ማይክሮባዮሎጂስት ነው። ጥቃቱ እንደ ደረሰ የዳሽልን ደብዳቤ ዱቄት ከመረመሩት ባለሙያዎች አንዱ እሱ ራሱ ነበር። በ2003 ለክትባቱ ሥራ ለሲቪል ሠራተኛ የሚሰጠውን ከፍተኛ ሽልማት ከባልደረቦቹ ጋር ተቀብሏል።

ምርመራውን ወደ እሱ ያዞረው ሳይንስ ነው፤ ሥራውም በእውነት የሚደነቅ ነው። በደብዳቤዎቹ ውስጥ የነበረው ባክቴሪያ «ኤምስ» የሚባለው ዝርያ መሆኑ ቶሎ ታወቀ። ይህ ዝርያ በ1981 ቴክሳስ ውስጥ ከሞተች ጊደር ተወስዶ በምርምር ቤቶች የተሰራጨ በመሆኑ ብቻውን የትም አያደርስም። ሆኖም ዱቄቱ በሳህን ላይ እንዲበቅል ሲደረግ አንዲት የቤተ ሙከራ ባለሙያ ዓይን አንድ ነገር ላይ አረፈ። ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ከሆኑት ኮሎኒዎች (በሳህኑ ላይ የበቀሉ የባክቴሪያ ክምችቶች) መካከል ጥቂቶቹ በቀለምና በቅርጽ ለየት ያሉ ነበሩ። እነዚህ በዘረመላቸው የተለወጡ ናቸው። ከመካከላቸው ለአራቱ መለያ ምርመራ ተዘጋጀላቸው። ኤፍቢአይ ከአሜሪካ፣ ከብሪታንያ፣ ከካናዳና ከስዊድን ቤተ ሙከራዎች ከ1,000 በላይ የኤምስ ናሙናዎችን ሰብስቦ አስመረመረ። አራቱም ለውጦች አንድ ላይ የተገኙት በስምንት ናሙናዎች ብቻ ነበር። ስምንቱም መነሻቸው ሲጠና ወደ አንድ ብልቃጥ አመሩ፤ መለያው አርኤምአር-1029። ብልቃጡን በ1997 ያዘጋጀውና ይጠብቀው የነበረው አይቪንስ ነው።

መንግሥት ይህን «የግድያው መሣሪያ» ብሎ ጠራው። ግን ቤት ውስጥ እርሾ ያላት ሴት ሁሉ የምታውቀው ነገር አለ፦ እርሾ ለጎረቤት ይሰጣል። እንጀራው ጣዕሙ ከየትኛው ቤት እርሾ እንደ መጣ ይናገር ይሆናል፤ ማን እንደጋገረው ግን አይናገርም። ከዚህ ብልቃጥ ናሙና ወደ ሌሎች ተመራማሪዎችና ከፎርት ዴትሪክ ውጭም ሄዷል። ከስምንቱ ናሙናዎች አንዱ የተገኘው ኦሃዮ ካለው ባቴል ከተባለ ተቋም ነው። ብልቃጡን ወይም ከእሱ የተቀዳውን ማግኘት የሚችሉ ሰዎች ከ100 በላይ ነበሩ፤ ኤፍቢአይ ሁሉንም አንድ በአንድ አጣርቼ ነፃ አድርጌያቸዋለሁ ይላል። ያ ማጣራት ደግሞ የሳይንስ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የተለመደ የፖሊስ ሥራ ነው፤ ሃትፊልን አምስት ዓመት ያሳደደው ዓይነት የፖሊስ ሥራ።

ኤፍቢአይ ራሱ ሥራውን እንዲገመግምለት ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚን ጠይቆ ነበር። በአሊስ ጋስት የተመራው ኮሚቴ ሪፖርቱን በፌብሩዋሪ 2011 አወጣ፤ መዝገቡ ከተዘጋ ከዓመት በኋላ ማለት ነው። የዘረመል ውጤቱ ስፖሩ ከአርኤምአር-1029 የመጣ ነው ከሚለው ሐሳብ ጋር አይጋጭም፤ ይሁን እንጂ በእርግጠኝነት አያረጋግጠውም አለ። በሳይንሳዊ ማስረጃ ብቻ ስለ ምንጩ የማያዳግም ድምዳሜ ላይ መድረስ እንደማይቻልም ጻፈ። ከዚህ የሚበልጥ ክብደት ያለው ግን ብዙ ሰው ልብ ያላለው ሌላ ነጥብ አለ፦ ብልቃጡ የደብዳቤዎቹ ቀጥተኛ ምንጭ አይደለም። በመካከል ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደገና የማራባት ሥራ ተሠርቷል። ስለዚህ አንድ ሰው ከብልቃጡ ወይም ከብልቃጡ ከተቀዳ ሌላ ናሙና ትንሽ ወስዶ፣ አራብቶ፣ አጣርቶ፣ አድርቋል። የት? በምን ዕቃ? መቼ? ማጠቃለያው ለእነዚህ የሚሰጠው መልስ ግምት ነው።

የኤፕሪሉ ናሙናም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በ2002 ኤፍቢአይ ተመራማሪዎቹ ሁሉ ያላቸውን ኤምስ እንዲያስረክቡ ሲያዝ፣ አይቪንስ በፌብሩዋሪ የሰጠው በታዘዘው ዓይነት ቱቦ ስላልነበረ ውድቅ ተደረገና ኤፍቢአይ የእሱን ድርሻ ጣለው። በኤፕሪል እንደገና ሰጠ፤ በዚህኛው ውስጥ የሚፈለጉት ለውጦች አልተገኙም። መርማሪዎቹ ይህን እውነቱን ለመሸፋፈን ሆን ብሎ ያደረገው ነው ብለው ያዙበት። በኋላ ግን የፌብሩዋሪው ናሙና ቅጂ በአሪዞና በፖል ኪም ቤተ ሙከራ ተቀምጦ ተገኘ፤ ሲመረመርም ከደብዳቤዎቹ ጋር ተስማማ። ሊደብቅ ያሰበ ሰው መጀመሪያ እውነተኛውን አይሰጥም የሚለው የተጠራጣሪዎች ክርክር እዚህ ላይ ውሃ ያነሣል። አካዳሚውም ከዚያው ከአንድ ብልቃጥ ተደጋግሞ በተወሰደ ናሙና ለውጦቹ አንዳንድ ጊዜ ሳይታዩ እንደሚቀሩ ጠቅሶ፣ የኤፕሪሉ ውጤት ብቻውን ማታለልን አያሳይም ወደሚል አቅጣጫ አመዝኗል።

ሌሊቶቹና ያልተገኙት ነገሮች

ከሳይንሱ ውጭ ያለው ማስረጃ ቀላል አይደለም። የመግቢያ መዝገቡ እንደሚያሳየው አይቪንስ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር 2001፣ ልክ ከሁለቱ የፖስታ ቀናት በፊት፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ብቻውን በአደገኛ ተሕዋስያን ክፍል ውስጥ ከወትሮው በጣም ብዙ ሰዓት አሳልፏል። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ አሳማኝ መልስ አልሰጠም። በቢሮው አካባቢ ለአለቆቹ ሳያሳውቅ የአባ ሰንጋ ብክለት ፈልጎ በራሱ አጽድቷል። በከባድ የአእምሮ ጭንቀት ውስጥ እንደነበር ለጓደኞቹ የጻፋቸው ኢሜይሎች ይመሰክራሉ። ስፖር የተገኘበት የፖስታ ሳጥን የነበረው በኒውጀርሲ ፕሪንስተን ናሶ ጎዳና ላይ ነው፤ ከ600 በላይ ሳጥኖች ተፈትሸው እሱ ብቻ ነው ስፖር የተገኘበት። ከአጠገቡ ደግሞ አይቪንስ ለአሥርተ ዓመታት በጭፍን ይከታተለው የነበረ የሴት ተማሪዎች ማኅበር ቢሮ ነበር። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ያየ ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

በሌላው በኩል በ2011 ጋዜጠኞች የሠራዊቱን ሰነዶች ሲመረምሩ አይቪንስ በሌሎች ክፍሎችም ሌሊት የመሥራት ልማድ እንደነበረውና በዚያ ሰሞን ጥንቸሎች ላይ የክትባት ሙከራ ይካሄድ እንደነበር አገኙ። በቤቱ፣ በመኪናውና በግል ዕቃው አንዲት ስፖር አልተገኘችም። በናሶ ጎዳናው ሳጥን የተገኘው ፀጉር የእሱ አልነበረም። የእጅ ጽሑፉም አልገጠመም። በዚያ ሰሞን ወደ ፕሪንስተን መሄዱን የሚያሳይ ደረሰኝ ወይም ምስክር የለም። በመጀመሪያው ዙር ወደ ኒውዮርክ በተላከው ዱቄት ውስጥ ደግሞ «ባሲለስ ሰብቲሊስ» የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ተቀላቅሎ ተገኝቷል። ይህ ባክቴሪያ ዱቄቱ ከተሠራበት ቦታ የገባ መሆን አለበት፤ በአይቪንስ ቤተ ሙከራ ቢፈለግም ያው ዝርያ አልተገኘም። እኔ ካየኋቸው ክፍተቶች ሁሉ አጥብቆ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ላለመገኘቱ ሰበብ አያጣም፤ ዱቄቱ ግን የተሠራበትን ቦታ ምልክት ይዞ መጥቷል፣ ምልክቱም ከተባለው ቦታ ጋር አልገጠመም።

በዱቄቱ ውስጥ ስለተገኘው ሲሊከን የተባለ ንጥረ ነገር ብዙ ተብሏል፤ በአጭሩ ልለፈው። መጀመሪያ ላይ ዱቄቱ በአየር ላይ እንዲንሳፈፍ ልዩ ኬሚካል ተቀብቷል ተብሎ ተወራ፤ አንዳንዶች ጣታቸውን ወደ ኢራቅ ቀሰሩበት። የሳንድያ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ጥናት ሲሊከኑ በስፖሩ ላይ የተቀባ ሳይሆን ሲያድግ በውስጡ የተከማቸ መሆኑን አሳይቷል። እዚህ ላይ ኤፍቢአይ ትክክል ነው። የኢራቁ ወሬ ግን ሥራውን ሠርቶ ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2003 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ኮሊን ፓውል በጸጥታው ምክር ቤት ትንሽ ብልቃጥ ከፍ አድርገው ስለ አባ ሰንጋ ሲናገሩ ሰሚው ሁሉ ደብዳቤዎቹን ያስታውስ ነበር።

መንግሥት ከራሱ ጋር ሲጣላ

የስቲቨንስ ባለቤት መንግሥት አደገኛውን ባክቴሪያ በአግባቡ አልጠበቀም ብላ ከሳ ነበር። በጁላይ 2011 የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ የፍትሐ ብሔር ጠበቆች በመከላከያ መልሳቸው ያልተጠበቀ ነገር ጻፉ፦ አይቪንስ ይሠራበት በነበረው የተከለለ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለውን ደረቅ ዱቄት ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው ልዩ መሣሪያ አልነበረም። የዚያው መሥሪያ ቤት የወንጀል ክፍል ዱቄቱ እዚያ ተሠርቷል ብሎ መዝገብ ዘግቷል! ጉዳዩ በጋዜጣ ሲወጣ ጠበቆቹ ተሯሩጠው መልሱን ለማረም ፍርድ ቤቱን ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። መሣሪያው በሕንጻው ሌላ ቦታ አለ የሚል ማብራሪያ ታከለበት። ክሱ በኖቬምበር 2011 በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ፤ መንግሥት ጥፋት አላመነም። በዚህ ክስ ቃላቸውን የሰጡ የአይቪንስ የቀድሞ አለቆች እሱ አድርጎታል ብለው እንደማያምኑ ተናግረዋል። ባልደረባው ሄንሪ ሃይንም ቀደም ብሎ ለአካዳሚው ኮሚቴ፣ ያን ያህል ስፖር ለማዘጋጀት በዚያ ቤተ ሙከራ ቢያንስ ዓመት ያህል ጠንካራ ሥራ እንደሚጠይቅና ማንም ሳያይ እንደማይቻል አስረድቶ ነበር። ባልደረባ ለባልደረባው ማድላቱ ያለ ነው። ቢሆንም እነዚህ ሰዎች ክፍሎቹንም ዕቃዎቹንም በዓይናቸው የሚያውቁ ናቸው።

ጥርጣሬው በቤተ ሙከራ ብቻ አልቀረም። ደብዳቤው የተላከላቸው ሴናተር ሌሂ በሴፕቴምበር 2008 የኤፍቢአይ ዳይሬክተር ሮበርት ሙለርን ፊት ለፊት፣ አይቪንስ አድርጎት ቢሆን እንኳ ብቻውን ነው ብለው በምንም መንገድ እንደማያምኑ ነገሯቸው። ደብዳቤዎቹ የተላኩበትን የኒውጀርሲ አካባቢ በኮንግረስ ይወክሉ የነበሩት ረሽ ሆልት ነፃ አጣሪ ኮሚሽን እንዲቋቋም ረቂቅ አቀረቡ፤ ሳይጸድቅ ቀረ። በ2015 ከ2002 እስከ 2006 ምርመራውን የመራው ሪቻርድ ላምበርት ኤፍቢአይን ከሶ፣ ለአይቪንስ የሚጠቅም ብዙ ማስረጃ ተደብቋል አለ። ላምበርት ከቢሮው ጋር የሥራ ጠብ ስለነበረው ቃሉን እንዳለ አልውጠውም፤ ግን የምርመራው መሪ ነበር።

በዲሴምበር 2014 የኮንግረሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት ሌላ ግምገማ አወጣ። አራቱን የዘረመል ምርመራዎች ያዘጋጁት የተለያዩ ቤተ ሙከራዎች በአንድ ወጥ መንገድ እንዳልተፈተኑ፣ ባክቴሪያው ሲራባ ለውጦቹ በራሳቸው ምን ያህል ሊከሰቱ እንደሚችሉ በቂ ጥናት እንዳልተደረገ፣ የውጤቱ የስታቲስቲክስ መሠረትም ደካማ እንደሆነ ዘረዘረ። ኤፍቢአይ ለወደፊቱ አሠራሩን አስተካክላለሁ አለ። ያለፈውን በተመለከተ መልሱ የነበረው ይኸው ነው፦ ድምዳሜዬ በሳይንስ ብቻ የቆመ አይደለም፣ ከ10,000 በላይ ቃለ መጠይቅና 80 ብርበራ አድርጌያለሁ። ትክክል ነው፤ ግን በ2008 መግለጫው ላይ ጋዜጠኞቹ ፊት ዋና ማስረጃ ሆኖ የቀረበው ያው ብልቃጥ ነበር። ሳይንሱ ሲነካ ወደ ፖሊስ ሥራው፣ የፖሊስ ሥራው ሲነካ ወደ ሳይንሱ መሸሽ በችሎት አያዋጣም ነበር። ዐቃቤ ሕግ በዳኞች ፊት አንዱን በሌላው ማስደገፍ ሳይሆን እያንዳንዱን በየራሱ ማቆም ነበረበት። አይቪንስ በሕይወት ኖሮ ቢከሰስ ላይፈረድበት ይችል ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ይህ ማለት አላደረገውም ማለት አይደለም። ማጠቃለያው «ዋናው ተጠርጣሪ ሞቷል፤ ዱቄቱ የተሠራበት ቦታና የተሠራበት ዘዴ አልተረጋገጠም» ቢል ኖሮ ከአካዳሚውም ከኦዲተሩም ጋር ባልተጋጨ ነበር።